ወረግ የሌላት ዛፍ

ባሽሙሃንዲስ አብዱልወሃብን መጠርጠር የጀመርኩት ዛፍ ሲቆጥሩ ካየኋቸው ቀን ጀምሮ ነው።

ደጅ የቆመ ዛፍ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። እሳቸው የሚቆጥሩት ግን ፎቶ ውስጥ ያለውን ነው። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ፣ አፍንጫቸው ፎቶውን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው፣ በአጉሊ መነጽር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላሉ። በእርሳስ አንድ ነገር ይጽፋሉ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዛፍ ሲቆጥር የሚውል ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ዛፉ ሽፋን ነው፣ ከበስተጀርባው ሌላ ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ።

ይህ አመል ዛሬም አለቀቀኝም። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ "ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ" ካለኝ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነኝ፤ ከመጣ ደግሞ ለምን እንደመጣ እጠረጥራለሁ። እናቴ "አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። አመሉ ከየት እንደመጣብኝ ለረጅም ጊዜ አልነገርኳትም።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በ2005 ክረምት ነው። ኻርቱም ውስጥ ዴም የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ሉጥፊያ አርካዊት የሚባል ሰፈር ድረስ በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ እየተመላለሰች የባሽሙሃንዲስን ቤት ታጸዳለች፤ ምግብ ትሠራላቸዋለች። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። እኔ እዚያው ተወልጄ ስላደግሁ የሚቀናኝ ዐረብኛው ነው። አማርኛዬ የቤት ነበር፤ እሱንም ቢሆን የተማርኩት በአብዛኛው ከእናቴ ቁጣ ነው። እናቴ ደግሞ ዐረብኛዋ ከመጥረጊያና ከድስት አያልፍም። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ "ሬሕማ!" ትላለች፣ እኔም እየሮጥኩ ሄጄ እተረጉማለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

ቤቱ ትልቅ ነው፤ የሚኖሩበት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አገር ለቀው ሄደዋል። ባሽሙሃንዲስ የሚባሉት መሐንዲስ ስለነበሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቦይ ሲያስቆፍሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የቦይ ፎቶ መሰብሰብ ያዙ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የምግብ ማቅረቢያው ሳይቀር ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በተነሱ ቡናማ ፎቶዎች ተሞልቷል። የካይሮ ቦይ፣ የኻርቱም ቦይ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ከተሞች ቦይ። በእያንዳንዱ ቦይ ዳር ዛፍ አለ።

አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስሰልላቸው ያዙኝ።

"ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ነዪ እስቲ" አሉኝ። "እዚህ ምን ይታይሻል?"

"ውሃ።"

"የት አለ ውሃ?"

ቀረብ ብዬ አየሁ። እውነትም ውሃ የለም። ቦዩ ውስጥ ያለው ነገር የተደፋ ወተት ይመስላል።

"ያኔ ካሜራ ቀርፋፋ ነበር" አሉኝ። "አንድ ፎቶ ለማንሳት ዓይኑን ከፍቶ ብዙ ይጠብቃል። የሚንቀሳቀስ ነገር አይያዝለትም። ውሃው ሄደ። አህያው ሄደ። ሰውም ሄደ። የሚቀርለት የቆመ ነገር ነው፤ ዛፍ።" ከዚያም ጣታቸውን አንድ ዛፍ ሥር አሳረፉ። ግራጫ ጭረት የመሰለ ነገር ነበር። "ይህቺ ሴት ናት። ውሃ ልትቀዳ መጥታ ይሆናል። መቆም አልቻለችም፣ ሥራ ነበረባት፣ ሄደች።"

እኔ ያየሁት ግን ሴት አይደለም። ጂን ነው። ሰውየው ጂን ፎቶ ውስጥ አስረው ያስቀምጣሉ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ከዚህ ቤት ጂን ካለ አንቺ ነሽ" ብላ ጨርቅ አስያዘችኝ።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አንድ ፎቶ ነበራቸው። ቦዩ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። በግራና በቀኝ ዛፎቹ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ቅጠላቸው ሙሉ ነው። ከሰልፉ ወጣ ብላ ግን አንዲት ጎባጣ ዛፍ ቆማለች። አንድም ቅጠል የላትም። በላይዋ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎባታል።

"የተሰለፉትን የተከላቸው እንግሊዝ ነው" አሉኝ። "ከሌላ አገር አምጥቶ ተከላቸው፣ ከዚያ ፎቶ አነሳቸው። ዛፍ ወዶ እንዳይመስልሽ። 'እዩልኝ፣ በዚህ ከተማ ሁሉም ነገር እኔ ቁም ባልኩት ቦታ ይቆማል' ለማለት ነው። ዛፎቹ ምስክሮቹ ናቸው። ይህቺን ግን ማንም አልተከላትም። ቦዩ ሳይቆፈር ጀምሮ እዚሁ ነበረች። ሰልፍ አበላሸች፤ ቅጠልም የላትም። ስለዚህ 'የሞተች ናት፣ ትቆረጥ' ብለው ኤክስ አደረጉባት።"

እናቴ ወለሉን እየወለወለች በአጠገባችን ስታልፍ አንገቷን አስግጋ አየች። "ይቺማ ገርቢ ናት" አለች በአማርኛ። "ምን ሞተች ይላሉ? ክረምት ክረምት ራቁቷን ትቀራለች፣ ሰው ሁሉ ሲደርቅበት በበጋ ነው የምትለመልም። እኛ አገር ሞልታለች።"

"ምን አለች?" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

ባሽሙሃንዲስ ጠረጴዛውን መቱ። "ሐራዝ! እኛ ሐራዝ ነው የምንላት። ወላሂ እናትሽ ከእኔ የበለጠች መሐንዲስ ናት!" ብለው "ገርቢ" የሚለውን ቃል ፎቶው ጀርባ ላይ ጻፉት። እናቴ አፍራ ሳቀች። ከተጠራጣሪዋ ከእኔ በቀር በዚያ ቤት ሁሉም ደስ ብሎት ነበር።

"ታዲያ ተቆረጠች?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። የእህታቸው ልጅ ሀሰን ነበር። ተነስተው ወደ በረንዳው ወጡ፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

"ወረግ የላትም ሀሰን" ይላሉ። "ምንም። ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆማለች፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። አሁን ግን ከሥሯ ሊነቅሏት ይመጣሉ። ዝናቡ ሳያልቅ አንድ ነገር ማድረግ አለብን።"

ወረግ በዐረብኛ ቅጠል ነው። ዛፍም በዐረብኛ ሴት ናት። እውነትም በዚያው ሳምንት የመንገድ ሠራተኞች መጥተው፣ ከግቢው በር ላይ የነበረችውን፣ ከሥሯ የመንገደኛ ውሃ የሚቀመጥበት ጋን ያለባትን ደረቅ ዛፍ በቀይ ቀለም ኤክስ አድርገውባት ሄደዋል። የፍሳሽ ውሃ የሚሄድበትን ኾር ሊያሰፉት ነው ተባለ። ስለዚህ ስለ ዛፍ ነው የሚያወሩት ብዬ ነገሩን ተውኩት። በሕይወቴ ጥርጣሬዬን የተውኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ ሥራ የለም። እትዬ የሻሽወርቅ ሱቅ ደጃፍ ጥላው ሥር ሴቶቹ ተሰብስበዋል። እትዬ የሻሽወርቅ ዴም ውስጥ ሃያ ዓመት የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የሚያርፍ።

"ትናንት ካላክላ ሰፈር ከሻ ነበር አሉ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወረግ የሌላትን ሁሉ እየለቀሙ ጫኗት።"

"ዛፎቹን?" አልኩ።

ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። "ምን ዛፍ አመጣብሽ! ሰው ነው እንጂ!" አሉኝ እትዬ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ወረግ ማለት ወረቀት ነዋ። ኢቃማ። የመኖሪያ ፈቃድ። ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ ወጥቶ ያለ ወረግ ካገኘሽ፣ ያላ ብሎ መኪና ላይ ጭኖ መተማ ያራግፍሻል።"

"የእማስ ወረግ አለ?"

ሳቁ ቆመ። እትዬ የሻሽወርቅ እናቴን አዩ፤ እናቴ ደግሞ እኔን። "ጆሮሽን ሰብስቢ" አለችኝ። ሌላ መልስ አላስፈለገኝም።

እዚያው ተቀምጬ የባሽሙሃንዲስን ስልክ ከመጀመሪያው ጀምሬ በጭንቅላቴ ደገምኩት። ወረግ የላትም። ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆማለች። ከሥሯ ሊነቅሏት ይመጣሉ። ሰውየው ሲያወሩ የነበረው ስለ እናቴ ነው። ሊያስይዟት ነው።

እስከዛሬ ስለ የትኛዋ ያወሩ እንደነበር አላውቅም። በሩ ላይ ስላለችው ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እናቴም ሊሆን ይችላል። ስለ ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሀሰን መጣ። መለዮ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ምልክት አለው። ባሽሙሃንዲስ ፎቶዎቹን ከሚያስቀምጡበት ትልቅ አልበም መሐል በቀይ ክር የታሰረ ቡናማ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አየሁ። የእናቴ ፓስፖርት። ማኅተም የበዛበት ደብዳቤ። እና በዚያ ሁሉ ዛፍ መሐል የእናቴ ትንሽ ጉርድ ፎቶ። ጥግዋ ላይ ቀይ ምልክት አለባት።

ቀይ የተደረገባት ምን እንደምትሆን አውቄ ነበር። ትቆረጣለች።

"እሁድ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለ ሀሰን። "በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ።"

"አደራ" አሉ ባሽሙሃንዲስ። "አንድም ሰው እንዳይሰማ።"

ዛሬ ሥራዬ የሰውን ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው፤ በቀን ስንት ቀይ ማኅተም ያረፈበት ፎቶ በእጄ ያልፋል። ማኅተም ያረፈበት ማለት የጸደቀ ማለት ነው። ሀሰን የኢቃማ ቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊውም መለዮ ይለብሳል። እሁድ እናቴን የሚወስዳት የጣት አሻራ እንድትሰጥ ነው። አሻራ ከሰጠች ደረሰኝ ታገኛለች፤ ደረሰኝ ያላትን ከሻ አይነካትም። ማንም እንዳይሰማ ያለችው ራሷ እናቴ ናት። ወረቀቱ እጇ ሳይገባ ሰው ካወቀ ዓይን ይገባበታል ብላ ፈርታ ለእትዬ የሻሽወርቅ እንኳ አልተነፈሰችም። ለእኔማ ማን ይነግረኛል?

ሀፍላ ውስጥ ከጎኗ ተለጥፌ "እማ፣ እሁድ ሥራ እንቅር" አልኳት።

"ለምን ሲባል?"

"ሰውየው ክፉ ነው።"

ጭኔን ቆነጠጠችኝ። "የሰው እህል እየበላሽ ስም አታጥፊ። እሳቸው ለእኔ አባቴ ናቸው።"

አላወቀችም አልኩ። ምስኪን፣ ምንም አላወቀችም። እንግዲህ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። የዚያ ዓመት ዝናብ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ኻርቱም የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ባሽሙሃንዲስ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል፤ እናቴ ኩሽና የገባውን ውሃ በመጥረጊያ ታስወጣለች። ሳሎን ገባሁ። አልበሙን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያቺ ራቁቷን ዛፍ አለች፤ እሷን ገልጬ ፖስታውን ከሥሩ ሳብኩት። ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ኾሩ እስከ አፉ ሞልቶ መንገዱን ነክቷል። ውሃው ጭቃ ነው፣ ፕላስቲኩን፣ ጫማውን፣ የሞተ ድመት ሳይቀር ይዞ ይሄዳል። ክሩን ፈታሁት፤ ቀይ ክር ያምራል፣ አሳዘነኝ። ፖስታውን ግን ወረወርኩት። ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ዞረ፣ ከዚያ ድልድዩ ሥር ገብቶ ጠፋ። በኤክሷ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ዝናቡ ራሴን እየመታኝ፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴን አድኛታለሁ። ክሩን ጸጉሬ ላይ አሰርኩት።

እሁድ ጠዋት እናቴ ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ስንደርስ የሀሰን መኪና በር ላይ ቆሟል። ባሽሙሃንዲስ አልበሙን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። ሌሎቹን አልበሞች አራገፉ። ፎቶዎቹ ወለል ላይ ተበተኑ፤ አይነኩም የተባሉት ሁሉ ተነኩ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ታያለች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አያለሁ።

"ያ ቢት" አሉኝ። "ቡናማ ፖስታ አይተሻል?"

"ወላሂ አላየሁም።"

አዩኝ። ዓይኔን አላዩም፤ ጸጉሬን ነው ያዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ሀሰን ዞረው "እኔ ነኝ የጣልኩት" አሉ። "እርጅና ነው። የት እንዳደረግሁት አላስታውስም።"

ሀሰን አንገቱን ነቀነቀ። ያለ ፓስፖርት ምንም ማድረግ እንደማይችል፣ አዲስ እስኪወጣ ወራት እንደሚፈጅ ተናገረ። ተረጎምኩላት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሀፍላ ውስጥ አለቀሰች። "ፓስፖርት እግር አውጥቶ አይሄድም" አለች ለራሷ። "ሸጠኝ። አባቴ ያልኩት ሰው ሸጠኝ።" ባሽሙሃንዲስን አንተ ብላ ስትጠራቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላም አንቱ ብላቸው አታውቅም። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ተመስገን፣ አሁንስ ነቃች አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዴም ውስጥ ከሻ ወጣ። እናቴ ከእትዬ የሻሽወርቅ ሱቅ ሳሙና ገዝታ ስትመለስ በሩን ሳትደርስ ያዟት። እኔ እየጮህኩ ሮጬ ቀሚሷን ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ። ትልቅ የግንብ አጥር ያለው ግቢ ውስጥ አስገቡን። ብዙ ሴቶች ነበሩ። ግራ ገባኝ። ፖስታውን እኮ ጥዬዋለሁ። ታዲያ ማን ነው የነገራቸው?

በሦስተኛው ቀን ባሽሙሃንዲስ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ለጠባቂዎቹ ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ወደ እኛ አሳለፏቸው። ቴምርና ብርድ ልብስ ይዘዋል። ሀሰንም ሌላውም እንዳልተሳካላቸው፣ ግን አዲስ ፓስፖርት ካወጣች ተመልሳ እንድትመጣ፣ ሁሉን ነገር እሳቸው እንደሚጨርሱላት ተናገሩ። እየተነፈሱ ነው የሚናገሩት፤ ላባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

እናቴ ብርድ ልብሱን አልተቀበለቻቸውም። ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ "ለአላህ ሰጥቼሃለሁ" አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ ባሽሙሃንዲስ።

ሥራዬ ነው፤ ተረጎምኩ። ቃሉን በቃሉ። ለአላህ ሰጥቼሃለሁ በሱዳን ዐረብኛ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የሚወዱት ሰው መንገድ ሲሄድ፣ እናት ልጇን ስትሸኝ የሚባል ነው። "ወደዕተክ አላህ ትላለች" አልኳቸው።

ባሽሙሃንዲስ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ሞልቷል። "እሷንም አንቺንም ለእሱ ሰጥቻለሁ" አሉ። "በያት። ይህን ካለችኝ ሌላ አልፈልግም በያት።" አልነገርኳትም፤ ፊቷን አላዞረችልኝማ።

ከደረት ኪሳቸው ያቺን የራቁቷን ዛፍ ፎቶ አውጥተው ሰጡኝ። "ተቆረጠች ወይ ብለሽኝ ነበር" አሉኝ። "መጥረቢያ አስይዘው የላኩት አባቴን ነው። የቀን ሠራተኛ ነበር። ገና ትንሽ ልጠብቅ አለ፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ዝናቡ አለፈ፣ ቅጠል አወጣች። በሬ ላይ ያለችው እሷ ናት።" ከዚያም እጃቸውን ጸጉሬ ላይ፣ ልክ ክሩ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝና ሄዱ። በማግሥቱ ወደ መተማ ተጫንን።

ኮምቦልቻ ከገባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት ጎረቤታችን ዶሮዋን የሰረቃትን ልጅ በሩ ላይ ቆማ "ለአላህ ሰጥቼሃለሁ!" ስትለው ሰማሁ። ፊቷን አየሁት። መንገደኛ የምትሸኝ ሴት ፊት አልነበረም። በአማርኛ ይህ ቃል የተበደለ ሰው አቅም ሲያጣ የሚለው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ በድለኸኛል፣ እኔ አልቻልኩህም፣ እሱ ይፍረድብህ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ እናቴ የፖስታውን ታሪክ ከነቡናማ ቀለሙ አጫወተችኝ። በአልበም ውስጥ እንዳስቀመጠላት፣ እሁድ ለአሻራ ሊወስዷት እንደነበር፣ ከዚያ እንደካዳት። "ያ ሽማግሌ" ትለዋለች። ሰማሁ፣ ተነስቼ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ግን ምንም አልተናገርኩም። ሌላ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ልትነሳ እኔ ጋ መጣች። ነጩ መጋረጃ ፊት፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። በካሜራው ውስጥ አየኋት፤ ያቺ ከዛፎች መሐል ያየኋት ትንሽ ጉርድ ፎቶ ትዝ አለችኝ።

"እንዳትንቀሳቀሺ" አልኳት።

"አልተንቀሳቀስኩም።"

"እማ፣ ፖስታውን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

አልተንቀሳቀሰችም። ከካሜራው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳት። ወረግን፣ ቀዩን ማኅተም፣ ኾሩን፣ ክሩን። ክሩን እንዳዩት፣ አይተውም "እኔ ነኝ የጣልኩት" እንዳሉ፣ እጃቸውን ጸጉሬ ላይ እንዳሳረፉ። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ዓይኔን ከካሜራው አላነሳሁም። የፎቶ ቤቱ ሰዓት ይሰማል። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

"ያን ቀን" አለች በመጨረሻ፣ "ለአላህ ሰጥቼሃለሁ ስለው፣ ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽለት?"

ነገርኳት። ወደዕተክ አላህ በሱዳን ምን ማለት እንደሆነ እሷም አሥራ ሁለት ዓመት ኖራበታለች፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"እሱስ ምን አለ?"

"አለቀሱ። እሷንም አንቺንም ለእሱ ሰጥቻለሁ፣ ሌላ አልፈልግም በያት አሉ።"

እናቴ የሻሿን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ መለሰች፣ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው።

"እንግዲያው የእኔን ቃል ይተዉት" አለች። "አንቺ የተረጎምሽው ይድረሳቸው።"